ክብ እንቅስቃሴ በእስክርቢቶ ቀፎና በዳዶ

ፊዚክስን እንደ አዲስ የምንከልስ ሰዎች፣ እኔ ክብ እንቅስቃሴ ላይ ደርሻለሁ። ያኔ ክፍል ውስጥ «ሴንትሪፔታል ፎርስ» (የሚዞረውን ነገር ወደ ክቡ መሃል የሚስበው ኃይል) ተብሎ ቀመሩ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል፣ መጠነ ቁስ በፍጥነት ስኩዌር ተባዝቶ ለሬዲየስ ይካፈላል፣ አለቀ። አሁን ግን በእጄ ሳልሞክረው ላላልፍ ወስኛለሁ።

ዕቃው ርካሽ ነው፦ ቀለሙ ያለቀበት የቢክ እስክርቢቶ ቀፎ፣ ናይለን ክር፣ ላጲስ፣ ከጋራዥ የተለቀሙ እኩል ዳዶዎች። ክሩን በቀፎው ውስጥ አሳልፉና ከላይ ላጲሱን፣ ከታች ዳዶዎቹን እሰሩ። ቀፎውን ይዛችሁ ላጲሱን ከራሳችሁ በላይ ስታሽከረክሩት የዳዶዎቹ ክብደት በክሩ በኩል ወደ መሃል ይስበዋል። ስታፈጥኑ ዳዶዎቹ ሽቅብ ይወጣሉ፣ ስታዘገዩ ይወርዳሉ። ከቀፎው ዝቅ ብሎ ክሩ ላይ ፕላስተር ለጥፉ፤ እሱ ከቦታው ካልተነቃነቀ የሚዞረው ክር ርዝመት አልተለወጠም። የቀፎውን አፍ በላይተር ለስለስ አድርጉት፣ አለዚያ ክሩን ይበላዋል። ቤት ውስጥ ደግሞ አትሞክሩት፤ ቴሌቪዥኑ ያሳዝናል።

ላጲሱ 20 ግራም፣ የሚዞረው ክር 60 ሴንቲ ሜትር፣ ከታች የተንጠለጠለው 50 ግራም ከሆነ አንድ ዙር 1 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። የሃያ ዙሩን ሰዓት ያዙና አካፍሉት። ከታች ያለውን 200 ግራም ስታደርጉት ዙሩ ወደ ግማሽ ሰከንድ ይወርዳል፦ ኃይሉ አራት እጥፍ፣ ፍጥነቱ ሁለት እጥፍ። ስኩዌሯ ይህችው ናት። በሰበቃው ምክንያት ቁጥሩ ትንሽ ወዲህ ወዲያ ይላል።

ከሁሉም የወደድኩት ግን ሌላ ነው። ላጲሱ ክብደት ስላለው ክሩ መቼም ፍጹም አግድም አይሆንም፣ ትንሽ ያዘነብላል። ስለዚህ የክቡ ሬዲየስ ከክሩ ርዝመት ያንሳል፤ ወደ መሃል የሚስበውም የክሩ ውጥረት በሙሉ ሳይሆን አግድም ያለው ድርሻው ነው። ወረቀት ላይ ሥሩት፦ ሁለቱም የሚቀንሱት በእኩል ልክ ስለሆነ ይጣፋሉ! የክሩን ርዝመት እንዳለ ብታስገቡ መልሱ ትክክል ነው። ፕሮትራክተር ይዞ ላጲስ ማባረር የለም።

ከዚህ ወዲህ ሥዕል ስሠራ «ሴንትሪፔታል» የሚል ቀስት ለብቻው አልጨምርም። ስቦ የሚያዞረው እዚህ ክሩ ነው፣ መኪና ላይ የጎማና የአስፋልት ሰበቃ፣ ጨረቃ ላይ የመሬት ስበት። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ ስትወርዱ ያሉትን ጠመዝማዞች አስቡ። ለስሌት ያህል ሬዲየሱ 30 ሜትር የሆነ፣ ወደ ጎን ያላጋደለ ኩርባ እንውሰድ። የሰበቃው መጠን በደረቅ አስፋልት 0.7 ቢሆን መኪናው ሳይንሸራተት መዞር የሚችለው በሰዓት እስከ 52 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዝናብ ጥሎ 0.4 ቢሆን እስከ 39። መጠነ ቁሱ ከስሌቱ ስለሚወጣ ለቪትዝም ለከባድ መኪናም ልኩ አንድ ነው። (ጭነቱ የተቆለለ መኪና ከመንሸራተቱ በፊት ሊገለበጥ ይችላል፤ እሱ ግን የቶርክ (የማሽከርከር ጉልበት) ጉዳይ ነው።)

ጨረቃንም አሰላኋት። 384,000 ኪሎ ሜትር ርቃ በ27.3 ቀን ስትዞር ወደ መሬት የምትሳብበት አክስለሬሽን 0.0027 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ይመጣል፣ የ9.8 አንድ 3,600ኛ ማለት ነው። ርቀቷ የመሬት ሬዲየስ 60 እጥፍ ነው፤ 60 በ60 ደግሞ 3,600። ኒውተን የሠራው ስሌት ነው፤ በስልክ ካልኩሌተር ሲወጣ ግን ደስታው ሌላ ነው።

ቀጣዩ ውኃ የያዘ ባልዲ ሽቅብ ቁልቁል ማዞር ነው። ሬዲየሱ 1 ሜትር ከሆነ አናት ላይ ፍጥነቱ በሰከንድ ከ3.1 ሜትር ማነስ የለበትም። አሮጌ ልብስ አዘጋጅቻለሁ።