ወለሉ ነው ጎማው?

ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ሃይስኩል ማታ ማታ አጸዳለሁ። ክፍሎቹን ለደመወዜ ብዬ ነው የማጸዳው፤ ጂሙን ግን እወደዋለሁ። ወለሉ የሜፕል እንጨት ነው። ሰመር ላይ ተማሪ ሲወጣ አዲስ ቫርኒሽ ይቀባል፣ ሲደርቅ መልክህን ያሳይሃል። ስለዚህ መጋቢት መጥቶ የሶፍትቦል ልጆች ዝናብ ሸሽተው ሲገቡብኝ ፊቴ አይፈታም። ሶፍትቦል የቤዝቦል ዘመድ ነው፤ አንዷ ኳስ ትወረውራለች፣ ሌላዋ በዱላ ትመታለች።

ፒቸሯ፣ ወርዋሪዋ ማለት ነው፣ ስትወረውር ክንዷን አዙራ፣ ከታች ነው የምትለቀው። አንድ እግሯን ጎማ በሚሉት ነጭ የላስቲክ ሰሌዳ ላይ አድርጋ፣ እሱን ገፍታ ወደፊት ትፈናጠራለች። ሜዳ ላይ ጎማው መሬት ውስጥ ተቀብሮ ነው ያለው፣ የትም አይሄድም። ጂም ውስጥ ግን ተንቀሳቃሹ ነው የሚዘረጋው። ያን ቀን ኮቿ ያመጣችው ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ የሚገባ ስስ ነገር ነበር። 24 ኢንች በ6 ኢንች። ልኩ ልክ ነው። ከልኩ ሌላ የሚመሰገን ነገር አላየሁበትም።

«ሜትር ያዝልኝ» አለችኝ። ያዝኩ። ከጎማው እስከ ሆም ፕሌቱ፣ መቺዋ አጠገቡ እስከምትቆመው ኋላው ሹል የሆነ ነጭ ሰሌዳ፣ ለሃይስኩል 43 ጫማ ነው። ጫፉን የሆም ፕሌቱ ፊት ላይ አደረግኩት።

«ከፊት አይደለም፣ ከኋላ። ከሹሉ።»

ከፊቱ እስከ ሹሉ 17 ኢንች ነው። ያን ያህል አሳስቼ ነበር። በሆዴ «ለ17 ኢንች!» ብያለሁ። ግን አዛወርኩት።

ልጅቷ ጎማውን ረግጣ ክንዷን አዞረችና ገፋች። ጎማው ወደ ኋላ ተፈተለከ። እሷ በጉልበቷ ወደቀች፣ ኳሱ ቅርጫቱ ሰሌዳ ላይ ጧ አለ። ደግነቱ ምንም አልሆነችም፣ እንዲያውም ሳቀች። ኮቿ ግን አልሳቀችም። መጀመሪያ ወለሉን አየች፣ ቀጥላ እኔን።

«ወለልህ ያንሸራትታል።»

«ወለሌ አያንሸራትትም። ጎማሽ ነው።»

በእንግሊዝኛ ነው የተባባልነው። በአማርኛ ቢሆን «እርስዎ» እላት ነበር፣ ነገሩም እዚያው ይበርድ ነበር።

«ይሄ ጂም ለቅርጫት ኳስ ነው» ብዬ ጨመርኩ።

«ሶፍትቦል ራሱ ቤት ውስጥ ነው የተፈጠረው» አለች። «ቺካጎ፣ 1887። የቦክስ ጓንት ጠቅልለው አስረው፣ በመጥረጊያ እንጨት እየመቱ።»

«ያኔም መጥረጊያውን ያለ ፈቃድ ነው የወሰዱት ማለት ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። እውነቱን ለመናገር የዚያን ዓመት ምርጥ መልሴ ነበር። ኮቿ ግን አልሰማሁም ብላ «ቴፕ አለህ?» አለች።

ነበረኝ። ጋሪዬ ላይ ብርማው ዳክት ቴፕ ተንጠልጥሏል። ጂም ወለል ላይ እንደማይለጠፍ አውቃለሁ፤ ሙጫው ይቀራል፣ ቫርኒሹንም ይዞ ይነሳል። አውቄ ሰጠኋት። ተናድጄ ነበራ። አራቱንም ጎን ለጠፈችው። ለጥቂት ውርወራ ያዘ። ከዚያ ልጅቷ በገፋች ቁጥር ጎማው እየተለጠጠ የቴፑን ጠርዝ ያነሳው ጀመር። ልምምዱ ሲያልቅ ኮቿ ጫፉን ይዛ ፈጠን አድርጋ ሳበችው። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ክንድ የሚያህሉ ሁለት መስመሮች ቫርኒሻቸው ተገፎ ቀሩ።

በማግስቱ አለቃዬ ጠራኝ። ኮቿ ኢሜል ጽፋለች፦ ቴፑን ያገኘሁት ከጽዳት ሠራተኛው ነው። ውሸት አይደለም። ውሸት ቢሆን እኮ እከራከር ነበር።

እረፍት ላይ ለጋሼ ነገርኩት። ጋሼ ጎንደሬ ነው፣ ከእኔ በፊት ገብቶ ይሄን ሥራ የለመደ ሰው። ምሳ ዕቃውን እየከፈተ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ጎማውን ገልብጠህ አየኸው?»

«ለምን ብዬ ጋሼ?»

«እስቲ ገልብጠውና ና።»

ሄጄ ከኳስ መጋዘኑ አውጥቼ ገለበጥኩት። ሆዱ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ላስቲክ ንጹሕ ወለል ላይ ይነክሳል፣ አቧራ ከያዘ ግን ይንሸራተታል። ጋሼ ስመለስ ቀና እንኳ ሳይል «የማን አቧራ ነው?» አለኝ።

ዝም አልኩ። ያን ቀን በዝናቡ ኮሪደሩ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ጊዜዬን በላው፣ ጂሙን ሳልጠርግ አልፌው ነበር። ይሄን ለአለቃዬ አልነገርኩትም። ለኮቿማ ጭራሽ።

በሚቀጥለው ዝናብ ቀድሜ ገባሁ። ወለሉን በሰፊው ደረቅ ሞፕ ጠረግኩ። ጎማው የሚያርፍበትንና የጎማውን ሆድ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩና እስኪደርቅ ጠበቅኩ። ከቲያትር ክፍሉ ጥቁሩን የጨርቅ ቴፕ፣ ጋፈር የሚሉትን፣ ለምኜ አመጣሁ፤ የመድረክ ሰዎች ሽቦ የሚይዙበት ነው፣ ቀስ ብለህ ካነሳኸው ወለል አይልጥም። ጎማው ማታውን ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

ቢሆንም አቋሜን አልቀየርኩም፣ ጎማው መናኛ ነው። ሚስማር ያለው ዓይነትም አለ፣ እሱ ለአፈር ሜዳ ነው፤ ጂም ውስጥ ይዞት የሚገባ ሰው ካለ በሩ ላይ ነው የምጠብቀው። ለእንጨት ወለል የሚሆነው ጎማው ከረጅም ምንጣፍ ጋር የተያያዘው ነው። 10 ጫማ የሚሆኑ አሉ። ልጅቷ ስትፈናጠር የፊት እግሯም እዚያው ምንጣፍ ላይ ስለሚያርፍ ክብደቷ ራሱ ይይዘዋል። ይሄን ለኮቿ ነገርኳት። «በጀት» አለች። እሺ አልኩ።

ሚያዝያ ላይ ምንጣፉን ሁለት ልጆች ተሸክመውት ገቡ። ኮቿ ሐሳቡ የማን እንደነበር አላነሳችም። ምንጣፉን ከመዘርጋቷ በፊት ግን ወደኔ ዞረች።

«ወለሉን ጠርገኸዋል?»

«ሁልጊዜ እጠርገዋለሁ» አልኳት።

ጋሼ ቆሻሻ ሊያወጣ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። ጉሮሮውን ጠረገ።