ፔሮል ከኤአይ ጋር

ኤአይ እናስተምራለን የሚሉ ቪዲዮዎች ቲክቶክ ላይ ሞልተዋል። አብዛኞቹ «ይህችን ዓረፍተ ነገር ጻፉለትና ተአምር እዩ» ነው የሚሉት። ለምሳሌ «አንተ የ20 ዓመት ልምድ ያለህ የሂሳብ ባለሙያ ነህ» በሉት ይላሉ። እኔም አልኩት። እሱም ልምዱን በደስታ ተቀብሎ በተሻረ የግብር ሠንጠረዥ አሰላልኝ።

ሥራዬ አዲስ አበባ ውስጥ የትንንሽ ድርጅቶችን ሂሳብ መያዝ ነው። ዳቦ ቤት አለ፣ መድኃኒት ቤት አለ፣ ማተሚያ ቤት አለ። ወር ሲያልቅ የሁሉም ፔሮል፣ ማለትም የሠራተኞች ደመወዝ ስሌት፣ እኔ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ኤአይን የምለካው በግጥም ወይም በሥዕል ሳይሆን በደመወዝ ግብር ነው።

የሠንጠረዡን ነገር ላስረዳ። በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 ከግብር ነፃ ያደረገው በወር እስከ 600 ብር ያለውን ገቢ ብቻ ነበር። ከፍተኛው የ35 በመቶ ግብር የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ባለው ላይ ነበር። በ2017 የመጣው ማሻሻያ ነፃውን መጠን 2,000 ብር አደረሰው። 35 በመቶው ደግሞ ከ14,000 ብር በላይ ወዳለው ሄደ። አሁን 12,000 ብር ደመወዝ ያለው ሠራተኛ ውሰዱ። በድሮው ስሌት ግብሩ 2,700 ብር ነው፤ በአዲሱ 2,250። ልዩነቱ በየወሩ 450 ብር ነው። ይሄን ከሠራተኛው ኪስ በስህተት ብትወስዱ ቢሮ ድረስ ነው የሚመጣላችሁ፤ እውነቱንም ነው።

ኤአዩ የሰጠኝ 2,700 ነበር። ሲሰጥ ደግሞ አይጠራጠርም፤ «ትክክለኛው ስሌት ይኸው» ነው የሚለው። ለምን እንደሆነ ሲታሰብ ግን አይገርምም። እነዚህ ነገሮች የሚሠለጥኑት ከተጻፈ ጽሑፍ ነው። ስለ ድሮው ሠንጠረዥ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሲጻፍ ኖሯል። ስለ አዲሱ የተጻፈው ገና ትንሽ ነው። ሥልጠናውም የሆነ ቀን ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲህ የወጣውን ኢንተርኔት ገብቶ ካልፈለገ ወይም እናንተ ካልሰጣችሁት አያውቀውም።

ስለዚህ አሁን ጥያቄ ከመጠየቄ በፊት ዕቃውን አቀርብለታለሁ። ስድስቱን የግብር እርከኖች ከነተቀናሻቸው (ደመወዙ በመቶኛው ከተባዛ በኋላ ከሚቀነሰው ቋሚ ቁጥር ጋር) እለጥፋለሁ። ጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ብዬ እጽፋለሁ። ከዚያ አንድ መስመር እጨምራለሁ፦ «ከዚህ ውጪ ከራስህ ምንም አታምጣ፤ የጎደለ ነገር ካለ መጀመሪያ ጠይቀኝ።»

ይቺ መስመር ከቲክቶኩ ዓረፍተ ነገር ሁሉ ትበልጣለች። አንድ ጊዜ ትርፍ ሰዓት ያለበት ፔሮል ስሰጠው «ጡረታው የሚታሰበው በመሠረታዊ ደመወዙ ብቻ ነው ወይስ በጠቅላላው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልሱ በመሠረታዊው ነው። ጥያቄው ግን የሚገባ ጥያቄ ነው። አብሮኝ የሚሠራ ጀማሪ ቢጠይቀኝ ምሳ እጋብዘው ነበር።

ሌላው ልማዴ ድምሩን አለማስደመር ነው። ቋንቋ ላይ የተሠራ ሞዴል በመሠረቱ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመተ ነው የሚሄደው። አንዳንዶቹ ከጀርባ ኮድ አስኪደው ያሰላሉ፤ ያም ሆኖ እኔ የኤክሴል ፎርሙላውን ነው የምጠይቀው። ፎርሙላ ይታያል፣ ይፈተሻል፣ በሚቀጥለው ወርም ይሠራል። በኢፍ (በኤክሴል «እንዲህ ከሆነ» ማለት ነው) ላይ ኢፍ የተደራረበ ፎርሙላ ቁጭ ብሎ መጻፍ ሲያንገበግበኝ ለኖርኩት ሴት ይሄ ትልቅ እፎይታ ነው።

ፍተሻው ላይ ግን አልቸኩልም። የምፈትሸው በእርከኖቹ ድንበር ላይ ነው፤ ፎርሙላ የሚበላሸው እዚያ ነውና። 14,000 ብርን በ30 በመቶ አባዝታችሁ 1,350 ብትቀንሱ 2,850 ይመጣል። በ35 በመቶ አባዝታችሁ 2,050 ብትቀንሱም ያው 2,850 ነው። ሁለቱ ካልገጠሙ አንዱ ተቀናሽ ተሳስቷል ማለት ነው። 4,000፣ 7,000 እና 10,000 ላይም እንዲሁ ይሞከራል። ከዚህ ፈተና ያለፈ ፎርሙላ ማን ጻፈው ብዬ አልጨነቅም።

ቀን መቁጠሪያም አለ። ኤአዩ «መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ነው» ይላል፤ ስህተት ነው። የ2015 ጳጉሜ ስድስት ቀን ስለነበራት የ2016 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነበር። ለኮንትራትና ለዓመት ፈቃድ አንድ ቀን ያጣላል። እዚህ ላይ ክርክር አልገጥምም፤ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ሰጥቼው ከዚያ እንዲያነብ አደርጋለሁ።

ደብዳቤ ሲጽፍ ደግሞ «ውድ ክቡር ጌታዬ» ብሎ ይጀምርላችኋል። የገቢዎች ሠራተኛ ይሄን ቢያነብ ይስቃል። ድሮ የጻፍኳቸውን ሁለት ደብዳቤዎች ስሰጠው ቀን፣ ቁጥር፣ ለ፣ ጉዳዩ፣ ከሠላምታ ጋር፣ ግልባጭ፤ ሁሉንም በቦታው ያስቀምጣል። አለቀ።

የሰው ስም አላስገባም። ግብር ከፋይ መለያ ቁጥርም አላስገባም። «ሠራተኛ 1፣ ሠራተኛ 2» ይበቃዋል። የሰው ደመወዝ አደራ ነው፤ ምን እንደሚደረግበት በማላየው ቦታ አልበትነውም።

የዳቦ ቤቷ ባለቤት ይሄን ሁሉ ሳወራላቸው ቆይተው «ልጄ፣ እንግዲያው እኔው ራሴ ብጠይቀው አይሆንም?» አሉኝ። «ይሆናል እትዬ። ኦዲተር ሲመጣ ግን የግብር ማስታወቂያው (ዲክላሬሽኑ) ላይ የፈረመው ማነው ሲባል እርስዎ ነዎት የሚጠሩት» አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና «በይ አንቺው ሥሪው» ብለው ትኩስ ዳቦ ጠቀለሉልኝ። ዋጋዬን ግን ቅናሽ አስደረጉኝ። ሥራው ፈጥኖልሻል ብለው ነው። ነገሩ እውነት ስለሆነ መከራከሪያ አጣሁ።

ሰሞኑን የያዝኩት ደረሰኝ በፎቶ ማስነበብ ነው። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ላይ ቀለሙ ካልጠፋ መጠኑንና ቫቱን ደህና አድርጎ ያወጣል፤ 15 በመቶው ከድምሩ ጋር መግጠሙን እዚያው ኤክሴል ላይ አረጋግጣለሁ። በእጅ የተጻፈው የግዥ ቫውቸር ግን ገና አልሆነለትም። አንዱን 7 አንድ ጊዜ 1፣ ሌላ ጊዜ 2 እያለ ያነበዋል። ለጊዜው እነሱን በእጄ እያስገባሁ ነው።