ኦቾሎኒ ለምን አራት ቦታ ይቀመጣል?

በትልቅ ሱፐርማርኬት ውስጥ ኦቾሎኒ የሚፈልግ ሰው ብዙ ይዞራል። ተቆልቶ ጨው የገባበት ከቺፕሱ ጎን ነው። ጥሬው ዱቄት፣ ስኳርና ቤኪንግ ፓውደር ካለበት መደርደሪያ ላይ ነው። የኦቾሎኒ ቅቤው ከማርማላታው ጋር ተሰልፏል። አንዳንዴ ደግሞ በኪሎ እየተመዘነ የሚሸጠው ከፍራፍሬው አጠገብ ክፍት ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ሲያዩት ደርዳሪው እንዳመጣለት የበተነው ይመስላል፤ ግን አራቱም ቦታ ምክንያት አለው።

ሱቅ ዕቃ ሲመድብ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ አይጀምርም። የሚጠይቀው ሦስት ነገር ነው፤ በምን ሙቀት ይቀመጣል፣ ከምን ጋር ይበላል፣ የሚያዝዘው የትኛው ክፍል ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ደንበኛም ይገምታቸዋል። ሦስተኛዋን ግን ስለማያያት አያስባትም፤ ግራ የሚያጋባው አቀማመጥ በአብዛኛው የሚመጣው ከእሷ ነው።

ትልልቅ ሱቆች ሸቀጣቸውን በምድብ ከፍለው ለእያንዳንዱ ምድብ ኃላፊ ይሾማሉ። ኃላፊው አቅራቢ ይመርጣል፣ ዋጋ ይደራደራል፣ የተወሰነ ሜትር መደርደሪያም ይሰጠዋል። ጨው የገባበት ኦቾሎኒ የመክሰስ ምድብ ነው፤ ጥሬው የመጋገሪያ ዕቃዎች፤ በኪሎ የሚመዘነው የፍራፍሬ። ኃላፊዎቹ የሚገዙት ከተለያየ አቅራቢና በተለያየ ዋጋ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ያው ጥሬ ኦቾሎኒ ፍራፍሬው ጋ አንድ ዋጋ፣ ዱቄቱ ጋ ሌላ ዋጋ ሲኖረው አትገረሙ። ዘቢብ፣ ቅመማ ቅመምና የኮኮናት ወተትም እንዲሁ ናቸው። አንድ ዕቃ ሁለት ቦታ ካለ ሁለቱንም ማየት ያዋጣል። የሚወዳደረው የማሸጊያው ዋጋ ሳይሆን በመለያው ላይ በደቃቁ የተጻፈው የኪሎ ወይም የሊትር ዋጋ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ይህን ዋጋ መጻፍን እ.ኤ.አ. በ1998 ባወጣው መመሪያ ግዴታ አድርጎታል። ካልተጻፈ ዋጋውን ለግራሙ በስልክ ማካፈል ነው። ትልቁ ማሸጊያ ሁልጊዜ ይረክሳል የሚለው እምነትም በዚህ ስሌት አንዳንድ ጊዜ ይፈርሳል።

ደንበኛ ራሱ እያነሳ የሚገዛበት ሱቅ መልክ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1916 ክላረንስ ሳውንደርስ በአሜሪካ ሜምፊስ ከተማ ፒግሊ ዊግሊን ሲከፍት ነው። ከዚያ በፊት ገዢው ባንኮኒው ጋ ቆሞ ይጠይቃል፣ ሻጩ ያወርዳል፤ ዕቃው የትም ቢቀመጥ ጣጣው የሻጩ ነበር። ሳውንደርስ በ1917 የፈጠራ መብት ያገኘበት ንድፍ ደንበኛውን በአንድ በኩል አስገብቶ፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል አዙሮ፣ በሒሳብ መክፈያው የሚያስወጣ ነው። ደንበኛን ማዞር እንግዲህ የዛሬ ተንኮል አይደለም።

ዛሬ መደርደሪያው የሚታዘዘው ፕላኖግራም ለሚባል ንድፍ ነው። ንድፉ የትኛው ዕቃ በስንተኛው እርከን ላይ፣ ከፊት ስንት ረድፍ ይዞ እንደሚቆም ያሳያል። ስሌቱ ከባድ አይደለም። አንድ ዕቃ በቀን 6 ይሸጣል፣ ጭነት በየ3 ቀኑ ይገባል እንበል። ለሦስቱ ቀን 18፣ ለመጠባበቂያ የአንድ ቀን 6 ሲጨመር 24 ይሆናል። መደርደሪያው ወደ ውስጥ 8 የሚይዝ ከሆነ ዕቃው ከፊት 3 ረድፍ ያስፈልገዋል። ቀርፋፋው ዕቃ ነው የሚያስቸግረው። በሳምንት 2 ብቻ እየተሸጠ የሚመጣው ግን 12 በያዘ ካርቶን ነው። ካርቶኑን በሙሉ የሚውጥ ቦታ ካላገኘ ትርፉ ወደ መጋዘን ይመለሳል፤ እዚያም ይረሳል። ስለዚህ ሰው የማይደርስበት ላይኛው ወይም የሚጎነበስበት ታችኛው እርከን ላይ ቦታ ይፈለግለታል። የምትፈልጉት ነገር ብዙ ሰው የማይገዛው ከሆነ ፍለጋችሁን ከጉልበት በታች ጀምሩ።

ንድፉ ወረቀት ላይ ያምራል፤ የሚበላሸው መደርደሪያው ላይ ነው። አንድ ዕቃ ሲያልቅ ክፍተት ይፈጠራል። ሠራተኛው ክፍተቱ እንዳያስጠላ የጎረቤቱን ዕቃ ገፋ አድርጎ ይሸፍነዋል። የዋጋ መለያው ግን ያለቀው ዕቃ ነው። ደንበኛ የአንዱን ዋጋ አንብቦ ሌላውን ያነሳል፣ ክፍያው ጋ ሲደርስ ይጣላል። የባሰው ጣጣ ግን ከዚህ በኋላ ነው። የኮምፒውተሩ መዝገብ በስርቆት ወይም በስብራት የጠፋውን ስላላወቀ ዕቃው «4 አለ» ይላል፤ አለ ከተባለ ደግሞ አያዝዝም። ክፍተቱ ተሸፍኗልና ሠራተኛም አያየውም። ዕቃው ለሳምንታት እንደጠፋ ይቀራል፤ ደንበኛውም «ከዚህ አንስተውት ይሆናል» ብሎ ሌላ ቦታ ሲፈልግ ይውላል። መድኃኒቱ ክፍተትን ክፍት መተው ነው፤ ባዶ መደርደሪያ ያስነውራል የሚል አለቃ ያለበት ሱቅ ግን ከዚህ በሽታ አይድንም። ደንበኛ መለያው ላይ ያለውን የዕቃ ስም ወይም ከባርኮዱ ሥር ያለውን ቁጥር ከማሸጊያው ጋር ቢያመሳክር ዕቃውና መለያው መጣጣማቸውን ወዲያው ያውቃል።

ሙቀት የሚወስነው አቀማመጥ ድርድር የለውም። ቀዝቃዛው ክፍል 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ የበረደው፣ ማለትም በረዶ ሆኖ የሚሸጠው፣ ከዜሮ በታች 18 መሆን አለበት። ሙዝ ደግሞ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን ቆዳው ይጠቁራልና ከቀዝቃዛው አትክልት ርቆ ይቀመጣል። የበሰለ ሙዝ፣ ፖምና አቮካዶ ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣሉ፤ ብሮኮሊንና ቅጠላ ቅጠልን ያስቢጫሉ፣ ኪያርንም ያበላሻሉ። የሰላጣ ዕቃ ሁሉ አንድ ላይ ያልሆነው ለዚህ ነው። ድንች ብርሃን ሲያገኝ አረንጓዴ ስለሚሆን ጥላ ያለበት ታችኛው ሣጥን ይሰጠዋል። ሻይና ዱቄት ሽታ ይስባሉ፤ ከሳሙናው ጎን ካያችኋቸው የሱቁ ስህተት ነው።

ሙቀት የማያስገድደው ቅዝቃዜም አለ። በካርቶን የታሸገ የአኩሪ አተር ወይም የአልሞንድ መጠጥ እስኪከፈት ድረስ ብዙ ጊዜ ማቀዝቀዣ አያስፈልገውም። አንዳንዱ ግን ከወተቱ አጠገብ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደረደራል፤ ወተት የሚፈልግ ሰው ዐይኑ እዚያ ስለሆነ። ያው መጠጥ ሳይቀዘቅዝ ሌላ መደርደሪያ ላይም ሊኖር ይችላል። እርሾም ሁለት ቤት አለው፤ ደረቁ ዱቄቱ ጋ፣ እርጥቡ ቅቤው ጋ።

ወተት ለምን መጨረሻው ግድግዳ ጋ ተቀመጠ? «እግረ መንገድህን ሌላም ግዛ» ለማለት ነው የሚለው መልስ የተለመደ ነው። እውነትነት አለው፣ ግን ግማሹ ነው። የማቀዝቀዣው ክፍል ያለው ከግድግዳው በስተጀርባ፣ የጭነት መኪና ከሚራገፍበት በር አጠገብ ነው። ወተት ከባድ ነው፣ ቶሎ ይሸጣል፣ ቶሎም ይበላሻል፤ በቀን ብዙ ጊዜ ይሞላል። ከኋላ ሲገፋ አሮጌው ወደ ፊት እየመጣ ራሱን በተራ ያስተካክላል። ወተትን ደጃፍ ላይ ማስቀመጥ ማለት ማቀዝቀዣውን፣ ቱቦውንና የሠራተኛውን ምልልስ ሁሉ ሱቁን አቋርጦ ማምጣት ነው። ንግዱም ምቾቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከጎተቱ ክርክሩ ብዙም አይጠቅምም።

በዐይን ትይዩ ያለው እርከንና የመደርደሪያው ጫፍ ግን ንግድ ብቻ ናቸው። በብዙ አገር አቅራቢዎች ለእነዚህ ቦታዎች ይከፍላሉ። ጫፍ ላይ ተቆልሎ ትልቅ ቁጥር የተለጠፈበት ዕቃ የግድ ቅናሽ የለውም፤ ወንድሙ መደርደሪያው ውስጥ በዚያው ዋጋ ሊኖር ይችላል። የልጆች ዕቃ ዝቅ ብሎ የሚቀመጠው የልጅ ዐይን እዚያ ስለሆነ ነው። እንግሊዝ ከጥቅምት 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ስብ፣ ስኳርና ጨው የበዛባቸውን ምግቦች በትልልቅ ሱቆች መግቢያ፣ መደርደሪያ ጫፍና መክፈያ ላይ ማስቀመጥን በሕግ ገድባለች። ቦታው ዕቃ ባያሸጥ ኖሮ ሕግ ባላስፈለገው ነበር።

ዕቃ ሲጠፋባችሁ በቅደም ተከተል እንዲህ ፈልጉ። በመጀመሪያ ይቀዘቅዛል ወይ ብላችሁ ወስኑ፤ ይህ ብዙ ፍለጋ ያስቀርላችኋል። ቀጥሎ ሰው አብሮት የሚገዛውን ዕቃ አስቡ፤ የፓስታ ስጎ ከታሸገው ቲማቲም ይልቅ ከፓስታው ጋር መሆኑ ይበዛል። ከዚያ የውጭ አገር ምግቦች ጥግ ካለ እዩት፤ ብዙ ቅመምና የኮኮናት ወተት የሚደበቁት እዚያ ነው። ምላጭና የሕፃናት ወተት ካጣችሁ ስርቆት ስለሚበዛባቸው መክፈያው ጋ ወይም ቁልፍ ያለው ሣጥን ውስጥ ፈልጉ። ሠራተኛ ስትጠይቁ «ማር የት ነው?» ከማለት «ማር ከማርማላታው ጋ ነው ወይስ ከሻዩ?» ብትሉ መልሱ ይፈጥናል፤ አንዳንድ ሱቅ ከስኳሩም ጋር ያደርገዋልና።

ቀዝቃዛ ነገር በመጨረሻ ይነሳ። ክፍት ማቀዝቀዣ ውስጥ የጭነት ወሰን የሚያሳይ መስመር አለ፤ ከመስመሩ አልፎ የተከመረው ዕቃ ከፊት እንደ መጋረጃ የሚወርደውን ቀዝቃዛ አየር ይዘጋል፣ ራሱም ይሞቃል። ከመስመሩ ውስጥ፣ ከኋላ በኩል ያለውን አንሱ፤ በአግባቡ በሚደረደር ሱቅ ቀኑ የሚርቀውም እሱ ነው። የበረደ ምግብ ከረጢት ውስጥ ወፍራም የበረዶ ቅርፊት ካለ ወይም ፍሬዎቹ ተጣብቀው አንድ ድንጋይ ከሆኑ ቀልጦ እንደገና የበረደ ሳይሆን አይቀርምና ወደ ቦታው መልሱት።