ባንኮክን በ16 ባህት ጀልባ

ባንኮክ የሄድኩት ለሽርሽር አልነበረም። እትዬን ላሳክም ነው። እትዬ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ እኛ ቤት በስማቸው የሚጠራቸው የለም። ምርመራው በሁለት ቀን አለቀና ለውጤቱ ከአምስት ቀን በኋላ ኑ ተባልን። አምስት ቀን ሆቴል ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ደግሞ ጤነኛውንም ያሳምማል። "እትዬ፣ ከተማውን እንይ" አልኳቸው። "እግሬ እስከቻለ" አሉ።

የመጀመሪያውን ቀን አበላሸሁት።

ታላቁን ቤተ መንግሥት እንይ ብዬ አረፋፍደን በታክሲ ወጣን። መንገዱ ላይ ቆመን ቆመን የመገናኛ ትራፊክ ሁሉ ናፈቀኝ። ደርሰን አጥሩን ይዘን ስንሄድ ሸሚዙን የተኮሰ፣ በጣም ትሁት የሆነ ሰውዬ ጠጋ አለን። "ዛሬ እስከ ከሰዓት ዝግ ነው፣ ጸሎት አለ" አለ። እስከዚያ በ20 ባህት (ባህት የታይላንድ ገንዘብ ነው) ብቻ ሦስት ቤተ መቅደስ የሚያሳያችሁ ቱክቱክ (የእነሱ ባጃጅ ነው) ልጥራላችሁ ሲል እኔ ጅሉ አመሰገንኩት። አንድ ጭር ያለ ቤተ መቅደስ አየን። ከዚያ የከበረ ድንጋይ ሱቅ። ከዚያ ልብስ ሰፊ ቤት፣ እትዬን ለሙሉ ልብስ ሊለኳቸው ትንሽ ቀረ። ለካ ሹፌሩ ሰው ባመጣ ቁጥር ከሱቆቹ የሚያገኘው ነገር አለ። ተነጫንጨን ስንመለስ ቤተ መንግሥቱ አሁን የእውነት ተዘግቷል።

በኋላ ሳነብ ይሄ ሽወዳ አገር ያወቀው ነው። ቤተ መንግሥቱ በአብዛኛው በየቀኑ ክፍት ነው፣ በእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 9፡30። ዝግ መሆኑን ማመን ያለባችሁ በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ሲነግራችሁ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ቀን ታክሲ የሚባል ነገር ተውኩ። ከተማዋ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ከመንገዱ በላይ የሚሄድ ባቡር አለ። የእኛን ቀላል ባቡር አስቡት፣ ግን ቶሎ ቶሎ የሚመጣ። በእሱ ሳፋን ታክሲን የሚባል ፌርማታ ወረድን፣ ከሥሩ የቻኦ ፕራያ ወንዝ ጀልባ መሳፈሪያ ነው። እዚያ የቱሪስት ጀልባ ትኬት የሚሸጡ ሰዎች ቀድመው ይይዟችኋል። እለፏቸው። ብርቱካናማ ባንዲራ ያለው ጀልባ የአገሬው ሰው ሥራ የሚሄድበት ነው፣ እኛ ስንሄድ የትም ውጣ የትም ውረድ 16 ባህት ነበር። ሒሳብ የምትሰበስበው ወያላ ሳንቲም የሞላ የብረት ቱቦ እያንኳኳች ትመጣለች። እትዬ በጣም ወደዷት። "ይቺ ሰው አታስቀርም" አሉ።

ቤተ መንግሥቱ በር ላይ የታገድኩት እኔ ነኝ። ቁምጣ ለብሼ ነበር። ጉልበትና ትከሻ መሸፈን አለበት፣ ቀልድ የለም። እትዬ በነጠላቸውና በረዥም ቀሚሳቸው ዘና ብለው ሲገቡ እኔ መንገድ ማዶ ዝሆን የታተመበት ሰፊ ሱሪ ገዝቼ እላዩ ላይ ለበስኩ። ፎቶዬን ያየ ሁሉ እስካሁን ይስቅብኛል።

መግቢያው ለውጭ ሰው 500 ባህት ነው፣ ለታይ ዜጋ ነፃ። ውድ ነው ግን አይቆጭም። ግቢውን እ.ኤ.አ. በ1782 ያስጀመሩት የአሁኑ ሥርወ መንግሥት የመጀመሪያ ንጉሥ፣ ቀዳማዊ ራማ ናቸው። ሁሉም የሚሮጠው ግቢው ውስጥ ባለው ቤተ መቅደስ ወደሚገኘው የኤመራልዱ ቡድሃ ሐውልት ነው። ስሙ ኤመራልድ ይሁን እንጂ የተሠራው ጄድ ከሚባል ሌላ አረንጓዴ ድንጋይ ነው፣ ቁመቱም 66 ሴንቲ ሜትር ብቻ። ልብሱን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በየወቅቱ፣ ንጉሡ ይቀይሩለታል። እትዬ ግን አልገቡም። "እኔ ከውጭ ይበቃኛል" አሉ፣ እኔም አልተከራከርኩም። ጫማዬን አውልቄ ስገባ ግን ከኋላዬ "ጫማ የሚያወልቅ ሕዝብ ክፉ አይደለም" ሲሉ ሰማኋቸው።

ስወጣ ያገኘኋቸው ጥላ ያለበት ዙሪያ አዳራሽ ውስጥ ግድግዳውን አፍጥጠው ነው። ራማኪየን የሚባለው ትልቁ ተረካቸው በ178 ሥዕል ተዘርግቶበታል፣ ንጉሥ፣ ጭራቅ፣ የዝንጀሮ ጦር። "ነጩ ዝንጀሮ ከደጉ ወገን ነው አይደል?" አሉኝ። ነው። በሥዕል ታሪክ የሚነገርበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ላደገ ሰው አስጎብኚ አያስፈልገውም። እኔ ብቻዬን ብሆን ያንን ግድግዳ አልፌው ነበር የምሄደው።

ከዚያ በእግር ዋት ፖ (ዋት ማለት ቤተ መቅደስ ነው) ቅርብ ነው። የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል፣ እግሩ ሥር ስትቆሙ ፊቱ አይታያችሁም። ውስጥ እግሩ በዛጎል ዕንቁ ተለብጦ 108 ምልክቶች አሉበት፣ በጀርባው በኩል ደግሞ 108 የነሐስ ሳህን ተደርድሮ ሰው አንድ አንድ ሳንቲም ይጥላል፣ ቤቱ በሙሉ ቅጭል ቅጭል ይላል። ግቢው ውስጥ የታወቀ የማሳጅ ትምህርት ቤት አለ፤ ግማሽ ሰዓት አሳሸሁ። ማሳጅ ሳይሆን ድብድብ ነው፣ ግን ስትነሱ ሌላ ሰው ናችሁ።

ምግቡ ላይ ትንሽ ልበል፣ ምክንያቱም የነቢያት ጾም ገብቶ ነበር። ታይላንድ አትክልት ብላችሁ ብታዙም ከዓሣ የሚሠራ ጨው ጨው የሚል ፈሳሽ፣ የሽሪምፕ ዱቄት፣ የማይገባበት የለም። ሁለት ቀን በሩዝና በሐብሐብ ከቆየን በኋላ አንዲት ነርስ "ጄ በሉ" አለችን። ጄ ማለት በቡድሂስት ቻይናዎች ልማድ ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት የጸዳ ምግብ ነው፣ ነጭ ሽንኩርት እንኳ አይገባበትም። ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ ምልክት ፈልጉ። ከኛ ጾም የጠበቀ ነው ብዬ ለእትዬ ስነግራቸው ትንሽ ቅር አላቸው መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ቻይና ሰፈር፣ ያዋራት፣ ሄድን። እዚያ ዋት ትራይሚት ውስጥ 5.5 ቶን የሚመዝን የወርቅ ቡድሃ አለ። ከጠላት ለመደበቅ ይመስላል በኖራ ተለስኖ ዘመን ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1955 ወደ አዲስ ቤት ሲያዛውሩት ልስኑ ተሰነጠቀና ወርቁ ወጣ። ይሄን ለእትዬ ስተርክ ከቡድሃው ይልቅ ያሰቡት ለዓመታት ዝም ብለው ሲያልፉት ስለነበሩት ሰዎች ነው። ቻቱቻክ የሚባለው የቅዳሜና እሑድ ገበያ ጠፋንበት፣ ሞቀን፣ ወጣን። የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ልብስ በጅምላ የሚገዙበት ፕራቱናም ይሻላል፣ ቢያንስ ዋጋ ሲከራከሩ አማርኛ ይሰማል።

አመሻሽ ላይ ሉምፒኒ ፓርክ መግባት አትርሱ። ኩሬው ዳር አርጃኖ እንደ ድመት ይዘዋወራል፣ ሰው ዞር ብሎም አያየው። በእኛ 12 ሰዓት ሲሆን በድምጽ ማጉያ ብሔራዊ መዝሙር ተለቀቀ፣ ሯጩም ብስክሌተኛውም ባለበት ደርቆ ቆመ። እትዬ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። "ድሮ ባንዲራ ሲወርድ እኛም እንዲህ ነበርን" አሉ፣ መዝሙሩ አልቆ ሰው መሮጥ ከጀመረ በኋላም ትንሽ ቆመው ቆዩ። ሰዓታቸውም እኮ፣ የሆቴሏ ልጅ እንዳስረዳችን፣ ማታ ማታ እንደኛው ነው። ፈረንጅ ሰባት የሚለውን እነሱም አንድ ይሉታል።

ውጤቱ ደህና ሆነ፣ ተመስገን። ከሐኪሙ እንደወጣን የት ልውሰድዎት ስላቸው አልመነቱም። "ማዶ የምታሻግረዋ።" ታ ቲየን ከሚባለው ወደብ ወደ ዋት አሩን የምታሻግር ትንሽ ጀልባ አለች፣ 5 ባህት። ዋት አሩን በስባሪ የቻይና ሸክላ ከታች እስከ ላይ የተለበጠ ግንብ ነው፣ ደረጃው ቀጥ ያለ ስለሆነ አልወጡትም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተሻገርን። ተመለስን። "አንዴ ድገመኝ" አሉ። በድምሩ ስድስት ጊዜ ነው የተሻገርነው፣ መጨረሻ ላይ ሳንቲም ተቀባይዋ መሳቅ ጀምራ ነበር።