ቴክኖን በሸክላ ማጫወት፦ እስካሁን የደረስኩበት

በሸክላ ብቻ ቴክኖ (ምቱ የሚደጋገም የኤሌክትሮኒክ የጭፈራ ሙዚቃ) የሚያጫውት ዲጄ ዛሬም ሥራ ያገኛል ወይ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ አዎ፣ ያገኛል። ሥራው የሚመጣው ግን ሸክላ ስለያዘ አይደለም። አዘጋጆች ደጋግመው የሚጠሩት ይዞት በመጣው አንድ ቦርሳ ሌሊቱን መምራት የሚችለውን ሰው ነው። እኔም ልምምዴን በሙሉ ያዞርኩት ወደዚህ ነው፤ አዲስ ሸክላ ከመሰብሰብ ይልቅ ያሉኝን እስከ ውስጣቸው ማወቅ።

ቦርሳው ራሱ ያስገድዳል። አንድ ባለ 12 ኢንች ሸክላ ብዙውን ጊዜ ከ140 እስከ 180 ግራም ይመዝናል። ሽፋኑ ሲጨመርበት 60 ሸክላ ማለት 12 ኪሎ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ተሸክሞ መሄድ ነው። ሁለት ሰዓት ለማጫወት ከ25 እስከ 30 የሚሆነው ይበቃል፣ የቀረው ሰዉን አይቶ ለመምረጥ ነው። ስለዚህ ከቤት ስወጣ ግማሹን ውሳኔ ወስኛለሁ ማለት ነው። ይህ ብዙዎችን ያስጨንቃቸዋል፤ እኔ ግን በጣም የምወደው የሥራው ክፍል ይሄ ነው።

ሸክላን ማወቅ ስል በዓይንም ጭምር ነው። ብርሃን ላይ አዘንብላችሁ ተመልከቱት። ድምፁ የሳሳበት፣ ኪኩ (ወፍራሙ የከበሮ ምት) የጠፋበት ቦታ ጠቆር ብሎ ይታያል፤ ድምፁ የበረታበት ደግሞ ግራጫ ይሆናል። ጨለማ ክለብ ውስጥ በትንሽ ባትሪ ይህን ቀለበት አይቼ ከዕረፍቱ በፊት ስንት ባር (የአራት ምት ክፍል) እንደቀረኝ መገመት ከቻልኩ ወዲህ ሽግግሮቼ ተረጋግተዋል። ሽፋኑ ላይም ትንሽ ወረቀት ለጥፌ የምቱን ፍጥነትና አብሮት የሚሄደውን ሌላ ሸክላ እጽፋለሁ።

አሁን ወደ ጆሮ ልምጣ፤ ብዙ ጊዜዬን የወሰደው እሱ ነውና። እየተጫወተ ያለው ትራክ በደቂቃ 132 ምት፣ ተከታዩ 135 ምት ቢሆን፣ ሁለቱ ተደራርበው እኩል እንዲሄዱ ተከታዩን በ2.2 በመቶ ማዘግየት አለባችሁ። ይህን የሚነግራችሁ ስክሪን የለም። ያለው የፒች ማንሸራተቻ፣ ማለትም የሸክላውን ፍጥነት የሚቀይረው፣ እና ሄድፎን ነው። ፒቹ በ0.1 በመቶ ብቻ ቢዛነፍ፣ ሁለቱ ኪኮች በአንድ ደቂቃ ውስጥ በ60 ሚሊ ሴኮንድ ይራራቃሉ። ጆሮ ግን ደቂቃው ሳይሞላ መንታውን ምት ይሰማል፤ የሚጨፍረውም ሰው ምክንያቱን ባያውቅ እንኳ ነገሩ እንደላላ ይሰማዋል።

ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ ዘዴ ቀላል ነው። አዲሱን ሸክላ ሆን ብዬ ትንሽ አፍጥኜ እጀምረዋለሁ። የሚቀድመው ሁልጊዜ እሱ መሆኑን ስለማውቅ "የትኛው ነው የቀደመው?" የሚለው ጥያቄ ይወገዳል፤ የሚቀረኝ ማዘግየት ብቻ ነው። የማጫወቻውን ሳህን ጠርዝ በጣቴ ዳበስ አደርጋለሁ፣ ፒቹን በትንሹ እቀንሳለሁ፣ መልሼ አዳምጣለሁ። የማዳምጠውም ኪኩን አይደለም። ኪክ ወፍራም ስለሆነ ጥቂት መዛነፍን ይሸፍናል። ሃይ-ሃት የሚባለው የጸናጽል ድምፅና ጭብጨባ ግን አጭርና ስለታም ናቸው፤ መዛነፍ ሲጀምር ቀድመው የሚናገሩት እነሱ ናቸው። ሁለቱን ትራኮች ካስማማሁ በኋላ ሳልነካቸው ለረጅም ጊዜ አብረው እንዲሄዱ መተው አሁንም ዋናው የቤት ልምምዴ ነው።

ስለ ማጫወቻው አንድ ነገር ልበል። ቴክኒክስ ኤስኤል-1200 የተባለው ማጫወቻ የወጣው በ1972 ሲሆን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ክለቦችን የሞላው ግን በ1979 የመጣው ማርክ 2 የተባለው ሞዴል ነው። ሳህኑን ሞተሩ በቀጥታ፣ ያለ ቀበቶ ያዞረዋል፤ ስለዚህ ስትይዙት ይታገሳል፣ ስትለቁትም ወዲያው ፍጥነቱን ይይዛል። ፒቹ ወደ ላይም ወደ ታችም 8 በመቶ ይሄዳል። ምርቱ በ2010 ቆሞ በ2016 ስለተመለሰ፣ ዛሬም በየክለቡ የምታገኙት አብዛኛው አሮጌ ነው። አሮጌው ላይ ዜሮው ጋ ቀጭ የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ አካባቢ ማንሸራተቻውን ብታንቀሳቅሱትም ፍጥነቱ አይለወጥም። ስለዚህ ሁለቱንም ሸክላዎች ከዜሮ ራቅ አድርጌ፣ ለምሳሌ ወደ 2 ወይም 3 በመቶ ከፍ አድርጌ መሥራትን ልማድ አድርጌዋለሁ። ይህች ትንሽ ልማድ በማላውቀው ማጫወቻ ላይ ብዙ ጭንቀት አስቀርታልኛለች።

ድምፁም የራሱ ሕግ አለው። ሸክላው በደቂቃ 33⅓ ጊዜ ሲዞር አንድ ዙር 1.8 ሴኮንድ ይፈጃል። መርፌው ከዳር ሲጀምር በሴኮንድ 50 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል፣ መሃል ሲደርስ ግን የግማሹን እንኳ አይሄድም። ለዚህ ነው ወደ መሃል የተቀረጸ ሃይ-ሃት እየሻከረ የሚመጣው። ብዙ የክለብ ሸክላዎች በ45 ዙር፣ በአንድ ገጽ አንድ ትራክ ብቻ የሚቀረጹትም ለድምፁ ጥንካሬና ጥራት ሲባል ነው። የሚመሳሰሉ ሁለት ትራኮች ካሉኝ መጨረሻው መሃል ላይ ያልተጨናነቀውን እመርጣለሁ።

ከዚያው 1.8 ሴኮንድ የሚወጣ ሌላ ውብ ነገር አለ። መርፌው ወደ መሃል ከመሄድ ይልቅ ራሱ ላይ በሚዘጋ ቀለበት ውስጥ ቢገባ፣ ያው ዙር ሳያቋርጥ ይደጋገማል። በአንድ ዙር አራት ምት ከተቀረጸ ፍጥነቱ በትክክል በደቂቃ 133⅓ ምት ይሆናል፤ የቴክኖ ፍጥነት ማለት ነው። የዲትሮይቱ የቴክኖ ዲጄ ጄፍ ሚልስ በ1990ዎቹ እንዲህ ያሉ ሸክላዎችን አውጥቷል፤ ሸክላው ላይ ቀረጻውን የሠራለትም የዚያው ከተማ ባለሙያ ሮን መርፊ ነበር። አንዱን ቀለበት አስቀምጦ ሌላ ትራክ በላዩ መደረብ ስትሞክሩት ቴክኖ ለምን በድግግሞሽ እንደሚኖር በእጃችሁ ትረዱታላችሁ።

የሥራ መንገዱ ከሙዚቃው ታሪክ አይለይም። ቴክኖ በተወለደባት የአሜሪካ ከተማ በዲትሮይት፣ ጀማሪዎቹ ጁዋን አትኪንስ፣ ዴሪክ ሜይና ኬቨን ሳውንደርሰን የራሳቸውን ሸክላ በራሳቸው ሌብል (አሳታሚ ድርጅት) ነው ያወጡት። ማርክ ኤርነስተስ በ1989 በርሊን ውስጥ የከፈተው ሃርድ ዋክስ የሸክላ ሱቅ ደግሞ እንደ ኤሌክትሪክ ኢንዲጎና ማርሴል ዴትማን ያሉ ዲጄዎች የሠሩበት ቦታ ነው። ኤሌክትሪክ ኢንዲጎ በ1998 በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ውስጥ ያሉ ሴቶችን የሚያገናኝ መረብም መሥርታለች። ከዚህ የወሰድኩት፦ በዚህ ሙያ ሰው የሚታወቀው መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ሸክላ ሲሸጥ፣ ሲያወጣ፣ ለሌላው ሲጠቁም። እኔም የመጀመሪያ ሥራዎቼን ያገኘሁት ሸክላ ፍለጋ ላይ ከተዋወቅኳቸው ሰዎች ነው።

መድረክ ላይ ደግሞ ቀድሞ መድረስን የሚተካ የለም። መርፌዎቼን ራሴ ይዤ እሄዳለሁ። መርፌውን የሚይዘውን ክንድ ሚዛን አደርጋለሁ፣ የመሬት ሽቦው መያያዙንና ማጫወቻው ዘንበል አለማለቱን አያለሁ። ከዚያ የማይዞር ሸክላ ላይ መርፌውን አስቀምጬ ድምፁን ቀስ እያልኩ ከፍ አደርጋለሁ። መጮኽ ከጀመረ የትልቁ ስፒከር ንዝረት በጠረጴዛው በኩል ወደ መርፌው እየተመለሰ ነው። ሰው ከመግባቱ በፊት ከሆነ ከሥር ከባድ ሰሌዳና ንዝረት የሚውጥ ነገር ማስገባት ይቻላል። የክለቡን የድምፅ ባለሙያ በትህትና ማነጋገር እንጂ መቆጣት አያስፈልግም፤ ብዙ ክለቦች ሸክላ የሚያጫውት ሰው ሳያዩ ወራት ያልፋቸዋል።

የመክፈቻውን ሰዓት አትናቁት። ባዶ ወለል ላይ ዝግ ያለና ጥልቅ ሙዚቃ አጫውቶ ለሚቀጥለው ሰው የሞቀ ቤት ማስረከብን የሚያውቅ ዲጄ ተመልሶ ይጠራል። የቋሚነት ቦታ የሰጡኝም እዚያው አይተውኝ ነው።

አሁን የጀመርኩት በሦስት ማጫወቻ ነው። ሦስተኛው ላይ ከበሮ ብቻ ያላቸውን ሸክላዎች እያስገባሁ፣ ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) በአንዱ ብቻ ትቼ የሌሎቹን በሚክሰሩ (በድምፅ ማደባለቂያው) እየቆረጥኩ እለማመዳለሁ። ሁለቱ ተስማምተው ሳለ ሦስተኛው ሲዛነፍ የትኛውን መንካት እንዳለብኝ በፍጥነት መለየት ገና አስቸጋሪ ነው። ለጊዜው አንዱን ዋና አድርጌ እሱን ፈጽሞ አልነካም፣ ሌሎቹን ሁለቱን ወደ እሱ አመጣለሁ፤ ይህ እየሠራልኝ ነው።