ጆርጅታውን በእግር፦ ከወንዙ ዳር እስከ ዳገቱ

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ የምንኖር ብዙዎቻችን ጆርጅታውንን የምናውቀው በኤም ስትሪት ሱቆቹና በመኪና ማቆሚያ እጦቱ ነው። ሰፈሩ የሜትሮ ጣቢያ ስለሌለው ፎጊ ቦተም ጣቢያ ወርዶ በእግር መግባት ይሻላል። መጀመሪያ ላይ ከአንዱ የታሪክ ሰሌዳ ወደ ሌላው እዞር ነበር፤ አሁን የያዝሁት ዘዴ ግን ከፖቶማክ ወንዝ ዳር ተነሥቶ ሽቅብ መውጣት ነው፤ የሰፈሩ አመሠራረት በዚህ መንገድ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጆርጅታውን በ1751 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ስትቆረቆር ዋሽንግተን የምትባል ከተማ ገና አልነበረችም፤ ኑሮዋም በትምባሆ ወደብነቷ ላይ የቆመ ነበር። ከወንዙ ጥቂት ከፍ ብሎ በ1828 መቆፈር የተጀመረው የቼሳፒክና ኦሃዮ ቦይ ይገኛል፤ ከዚያም ላይ በኤም ስትሪት ሱቆች መካከል በ1765 የተሠራው የድንጋይ ቤት አለ። ባለጸጎቹ መኖሪያቸውን የሠሩት ከዚህ ሁሉ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነው።

ብዙ ጊዜዬን የወሰደው ጡቡ ነው። በበርካታ አሮጌ ቤቶች የፊት ግድግዳ ላይ በእያንዳንዱ ረድፍ የጡቡ ረዥም ጎንና አጭር ራስ እየተፈራረቁ ተደርድረዋል። ይህ አደራደር ልፋትና ወጪ ይጠይቃል። ወደ ጎን ዞር ብትሉ ግን ብዙውን ጊዜ ግንቡ ወደ ርካሹ አሠራር ሲለወጥ ታያላችሁ፤ ብዙ ረድፍ በረዥም ጎን ከሄደ በኋላ አንድ ረድፍ በአጭር ራስ ይከተላል። ሀብታምም ቢሆን ማንም በማያየው ግድግዳ ላይ ይቆጥባል ማለት ነው። ግድግዳው ላይ የሚታዩት የኮከብ ቅርጽ ብረቶችም ለጌጥ ብቻ የተለጠፉ አይደሉም፤ ግንቡ ወደ ውጭ እንዳይገፋ ከወለሉ ተሸካሚ እንጨት ጋር ያስሩታል። በኦ እና በፒ ስትሪት በቀሩት የትራም ሐዲዶች መካከል ያለው ቀጭን ክፍተት ደግሞ ትራሙ ኤሌክትሪክ ከመሬት ውስጥ ይስብበት የነበረው ነው፤ በመሐል ከተማ ሽቦ በአየር ላይ መዘርጋት ተከልክሎ ነበርና።

ስለ ሰፈሩ ያለኝን አስተያየት የለወጠው ምሥራቃዊው ክፍል ነው። በሮክ ክሪክ በኩል ያለው ሄሪንግ ሂል ለረዥም ዘመን የጥቁሮች ሰፈር ነበር፤ በ1816 የተመሠረተው የማውንት ዛየን ቤተ ክርስቲያንም ዛሬ ድረስ በዚያው አለ። ከ1930ዎቹ ጀምሮ የቤት ዋጋ እየተወደደ ሲሄድ አብዛኞቹ ነዋሪዎች ለቀው ወጡ። በ1950 የወጣው የቅርስ ሕግም ቢሆን የሚጠብቀው የሕንፃዎቹን ገጽታ እንጂ ተከራዩን አልነበረም። በምዕራብ በኩል ባለው ዴንት ፕሌስ ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የመጣው ሙስሊሙ ያሮ ማሙት በ1796 ነፃ ከወጣ በኋላ በ1800 የራሱን ቦታ ገዝቷል፤ ቻርልስ ዊልሰን ፒል በ1819 የሣለው ምስሉ በፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል።

አሁን የያዝሁት አሮጌዎቹን የጎዳና ስሞች ከዛሬዎቹ ጋር ማመሳከር ነው፤ ኤም ስትሪት ብሪጅ ስትሪት፣ ዊስኮንሲን አቬኑ ደግሞ ሃይ ስትሪት ይባሉ ነበር። የድሮ ካርታ ያላችሁ ብታካፍሉኝ ደስ ይለኛል።