ጳጉሜን በፍጥሞ

መርከባችን ስካላ ወደብ የደረሰው ቅዳሜ ጳጉሜን 2 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነበር። ደሴቲቱ የአውሮፕላን ማረፊያ ስለሌላት ከአቴና የሚነሣ ሰው ከፒሬየስ ወደብ ተሳፍሮ ስምንት ሰዓት ያህል በባሕር ላይ መቆየት ግድ ይሆንበታል። ሌላው ተሳፋሪ ምሽቱ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲያንቀላፋ፣ ታላቅ እህቴ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ከመርከቡ ኋላ ካለው አግዳሚ ወንበር ሳትነቃነቅ፣ መርከቡ ጥሎት የሚሄደውን ነጭ አረፋ ስትመለከት አመሸች። እንግባ ብላት «ተዪኝ፣ ልየው» አለችኝ።

እህቴ አቴና ከገባች ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። ኪፕሴሊ በሚባለው ሰፈር ለዕረፍት ቀኗ ከጓደኞቿ ጋር በጋራ የምትከራያት አንዲት ክፍል አለቻት፤ የቀረውን ጊዜ ሁሉ ያሳለፈችው ግን በሰው ቤት፣ አረጋውያንን በማጠብ፣ በማብላትና በማስታመም ነው። ነሐሴ ሲመጣ አሠሪዎቿ ወደየደሴቱ ይበተናሉ፣ እርስዋ ደግሞ ከአሮጊቷ ጋር ሙቀቱ በሚያነደው ከተማ ትቀራለች። ስለ ግሪክ ደሴቶች የምታውቀው ቤተሰቡ ሲመለስ ከሻንጣው ውስጥ በምታራግፈው አሸዋ ብቻ እንደ ነበረ የነገረችኝ እየሳቀች ነው፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። ስትንከባከባቸው የነበሩት ወይዘሮ በሚያዝያ ወር ሲያርፉ፣ ከፍራንክፈርት ደውዬ «በዚህ ዓመት ዕረፍቴን ካንቺ ጋር ነው የማሳልፈው፣ ደሴቱን አንቺ ምረጪ» አልኋት። ሳንቶሪኒን ሳነሣባት ፎቶ ለመነሣት ያን ያህል መንገድ እንደማትሄድ ነገረችኝ። የመርከብ መሥመሮቹን ዝርዝር ሳነብላት «ፓትሞስ» ስል አቋረጠችኝና «ፍጥሞ ነው እኮ! የራእዩ ደሴት!» አለች። ስሙን ስንት ጊዜ ያየሁት ሰው ስሆን አንድ ጊዜ እንኳ አላገናኘሁትም ነበር። የደሴ ልጆች ደሴት ልንሄድ ነው ብለን የተሳሳቅነውም ያኔ ነው።

እሑድ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ ከስካላ በምትነሣ አነስተኛ ጀልባ ወደ ደቡብ፣ ፕሲሊ አሞስ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ሄድን። ስሙ «ደቃቅ አሸዋ» ማለት ነው፤ መኪና አይደርስበትም፣ ያለው ከጥቂት ዛፎች ጥላና ከአንዲት ታቬርና በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር አይደለም። ለዚህች ደሴት አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ይህን ዳርቻ ቢተወው አልፈርድበትም፤ ሁለት ቀን ያለው ግን ሁለተኛውን ለዚህ ይስጥ። ያም ዕለት ጳጉሜን 3፣ ሩፋኤል ነበር። በልጅነታችን በዚያን ቀን ዝናብ ሲጥል የሰፈሩ ልጅ ሁሉ እየጮኸ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር፤ የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነውና። ኤጂያን ባሕር ላይ በዚያ ወቅት ዝናብ እምብዛም አይጥልም። ሰማዩ እንደ ታጠበ ሰሐን ጥርት ብሎ ነበር።

እህቴ ቲሸርትና ሱሪ እንደ ለበሰች እስከ ጉልበቷ ገብታ ለረጅም ጊዜ ቆመች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ሰማይ ካየች በኋላ «ከላይ ካልመጣ ከታች ነዋ» አለችና አማተበች፤ እጇንም ዘረጋችልኝ። እኔ ዋና የተማርሁት ካደግሁ በኋላ በፍራንክፈርት የሕዝብ መዋኛ ስለሆነ፣ ፍርሃቱ ከየት እንደሚጀምር አውቃለሁ። አንድ እጄን ከማጅራቷ፣ ሌላውን ከወገቧ ሥር አድርጌ በጀርባዋ አስተኛኋት። መጀመሪያ አንገቷ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር፤ ጣቶቿም የቲሸርቴን ጫፍ ጨምድደው ይዘውት ነበር። ጆሮዎቿ ውኃ ውስጥ ሲገቡ ዓይኖቿን ጨፈነች፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላ የጨመደዱኝ ጣቶች አንድ በአንድ ላሉ። ባሕሩ ጨዋማ በመሆኑ ሰውን ይሸከማልና እጄን ቀስ ብዬ ሳወጣ አልሰጠመችም። አልነገርኋትምም። ስንት ሰው በእጇ ደግፋ ያጠበች ሴት፣ እርስዋን ማንም ደግፏት እንደማያውቅ ያሰብሁት ባዶ እጄን ከውኃው በላይ ይዤ ቆሜ ሳለ ነው።

ምሳ በታቬርናዋ በላን። ስንጨርስ ዞር ብዬ ሳይ እህቴ ሳህኖቹን በልክ በልካቸው ደራርባ፣ ፍርፋሪውን በእጇ ሰብስባ፣ ወደ ማድ ቤቱ ልትሄድ ብድግ ብላለች። አስተናጋጁ ሮጦ መጥቶ ተቀበላት። ሁለቱም እኩል አፈሩ።

ሰኞ ወደ ሰሜን፣ ላምቢ ወደሚባለው ዳርቻ ሄድን፤ አሸዋ የሌለበት፣ በምትኩ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫና ነጭ ዥንጉርጉር ጠጠሮች የሞሉበት ነው። ጠጠሮቹ እርጥብ ሲሆኑ ያበራሉ፣ ሲደርቁ ይደበዝዛሉ። ከባሕር ዳርቻ ጠጠር ይዞ መሄድ የተከለከለ ስለሆነ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ የመረጥነውን ሁሉ መልሰን በትነነው ወጣን። ነፋሱ ስለ በረታ አልዋኘንም። ማታ በወደቡ አጠገብ ስናልፍ ቅስቶች ያሉት አንድ ሕንፃ ዓይኔ ገባ፤ ጣሊያን እ.ኤ.አ. ከ1912 ጀምሮ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ እነዚህን ደሴቶች ይዞ እንደ ነበር፣ ከግሪክ ጋር በይፋ የተቀላቀሉትም በ1948 እንደሆነ አንብቤ ስለ ነበር ለእህቴ ነገርኋት። «እዚህም?» ብላ ብቻ አለፈች።

ማክሰኞ ማለዳ፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከስካላ ወደ ላይኛው ከተማ ወደ ኾራ በሚወጣው፣ በድንጋይ በተነጠፈው ጥንታዊ የእግር መንገድ ተጓዝን። አውቶቡስም ታክሲም አለ፤ እህቴ ግን እንዲህ ያለ ቦታ በእግር ካልሆነ እንደማይቆጠርላት ተናገረች። ዮሐንስ ራእዩን ያየበት ነው የሚባለው ዋሻ ከመንገዱ አጋማሽ ላይ ይገኛል። ከውጭ ሲታይ በኖራ የተቀባ ሕንፃ እንጂ ዋሻ አይመስልም። በደረጃ ወደ ታች ሲወረድ ከቅድስት ሐና ቤተ ክርስቲያን ይደረሳል፤ የቤተ ክርስቲያኑ አንዱ ወገን ግንብ ነው፣ ሌላው ወገን ጭንቅላት ሊነካ የደረሰ ዝቅተኛ ዓለት ነው። በር ላይ ትከሻና ጉልበታቸው ለተገለጠ ጎብኚዎች መሸፈኛ ጨርቅ ሲሰጥ፣ እኛ ነጠላችንን አስተካክለን ገባን።

በዓለቱ ጣሪያ ላይ በሦስት የተሰነጠቀ መሥመር ይታያል፤ እንደ አገሬው ትውፊት ራእዩን የተናገረው ድምፅ ሲመጣ የተሰነጠቀና የሥላሴ ምልክት የሆነ ነው። ደቀ መዝሙሩ ጵሮኮሮስ ቆሞ የጻፈበት ነው የሚባል፣ እንደ አትሮንስ ያለ የድንጋይ ገጽም አለ። ከወለሉ ብዙ ከፍ ሳይል በብር የተከበበ ጎድጓዳ ቦታ አለ፣ ወንጌላዊው ራሱን ያሳርፍበት የነበረ ነው ይላሉ፤ ከእርሱ ከፍ ብሎ ደግሞ ሌላ ትንሽ ጎድጓዳ አለ፣ ከተኛበት ሲነሣ በእጁ ይደገፍበት የነበረ ነው። ሌሎች ጎብኚዎች በሥዕሎቹና በስንጥቁ ላይ ሲያንጋጥጡ እህቴ ይህችን ሁለተኛይቱን ጉድጓድ ትክ ብላ ታያት ነበር። ቁመቱን በዓይኗ ለካች፣ እጇን ሳታስነካ በአየር ላይ ሞከረችው፣ ከዚያም ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ልኩ ትክክል ነው» አለችኝ። በየቤቱ ከአልጋ አጠገብ የሚያዝ ብረት ስታስተክል የኖረች ሴት ናትና የምትናገረውን ታውቃለች። «ሽማግሌ ነበራ። ተኝቶ ለሚነሣ ሽማግሌ ከዚህ ዝቅ ካለ ወገቡን ይጎዳዋል፣ ከፍ ካለ ትከሻውን።» ስለዚያ ዋሻ እውነተኛነት ብዙ ሊቃውንት ብዙ ይጽፉ ይሆናል፤ እንዲህ ያለ ምስክርነት ግን ያመጣ አላየሁም።

ከሥዕሉ ፊት ጧፍ አበራን። ከ451ዱ የኬልቄዶን ጉባኤ ወዲህ እኛና ግሪኮች በቁርባን ስለማንገናኝ ከዚህ የሚያልፍ ነገር አልነበረንም። ሥዕሉ ላይ ያለው ግንባረ ሰፊ ሽማግሌ ፊቱን አጥቁሯል። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ዮሐንስ «ቁጹረ ገጽ» ይባላል፤ ከመስቀሉ ሥር ቆሞ ያየውን ካየ በኋላ ሰባ ዓመት ሙሉ ፊቱን እንደ ቋጠረ ኖሯል። እህቴ «አወቅሁት» አለች፣ የሰፈሯን ሰው እንዳገኘች ሁሉ።

ከዚያ ወደ ኾራ ወጣን። ገዳሙ ከሩቅ ሲታይ ምሽግ ነው፤ የባሕር ወንበዴ ይፈራ በነበረበት ዘመን ስለ ተሠራ ግንቡ ቁመቱ ያስፈራል። የቢዛንታይኑ ንጉሠ ነገሥት አሌክስዮስ ኮምኔኖስ እ.ኤ.አ. በ1088 ደሴቲቱን ለመነኩሴው ክሪስቶዱሎስ የሰጠበት ደብዳቤ እዚያው ተጠብቆ ይገኛል። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐምራዊ ብራና ላይ በብር ቀለም የተጻፈ የማርቆስ ወንጌል ቅጠሎችም አሉ፤ ጥቁርና ቀይ ቀለም ለለመደ የእኛ ዓይን እንግዳ ነገር ነው። እኔ በመስተዋቱ ላይ ስደፋ እህቴ ግቢው ውስጥ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ጫማዋን አውልቃ ተቀምጣ በጣቷ ትቆጥራለች። ስወጣ «ዛሬ ስንት ነው? ጳጉሜን 5 አይደል? ዘመኑ የማን ነው?» አለችኝ። 2016 ዘመነ ዮሐንስ ነበር። የዓመቱን የመጨረሻ ቀን በራሱ ደሴት፣ በራሱ ገዳም እያሳለፍን መሆናችንን ያወቅነው በዚያች ደቂቃ ነው፤ የመርከብ ትኬቱ በዚያ ሳምንት ስለረከሰ ነበር ቀኑን የመረጥሁት።

ስንወርድ በሦስቱ የድንጋይ የነፋስ ወፍጮዎች አጠገብ አረፍን። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1588 የተሠሩ ናቸው። ከዚያ ላይ ደሴቲቱ ሙሉ በሙሉ ትታያለች፤ ስፋቷ 34 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፣ የቀረው ሁሉ ባሕር ነው። ዮሐንስ በራእዩ መጨረሻ ባሕር የሌለበት አዲስ ምድር ማየቱን አነሣሁ። እህቴ «ታስሮ ይህን ሲያይ የዋለ ሰው ሌላ ምን ያያል? እኔም እስከ እሑድ ብትጠይቂኝ ይቅር እል ነበር» ካለች በኋላ ትንሽ አስባ «አሁን ግን ጥቂት ቢተርፍ ደስ ይለኛል» አለች።

እንቁጣጣሽ ረቡዕ ዋለ፤ ስለዚህ ጾም ነው። ጠዋት ወደ ደሴ ደወልን። እማዬ ፍጥሞ መሆናችንን ስትሰማ «እንኳን ለቅዱስ ዮሐንስ አደረሳችሁ» አለችና፣ የዕለቱ ዮሐንስ መጥምቁ እንጂ ወንጌላዊው አለመሆኑ ትዝ ሲላት «ለሁለቱም» ብላ ጨመረች። አደይ አበባ የለም። በአከራያችን ደጅ ግን ቅጠል ሳይኖረው ከደረቅ መሬት ቀጥ ብሎ የወጣ ረጅም ነጭ አበባ ነበር፤ ሥሩ ትልቅ ሽንኩርት የሚመስል ነው። አከራያችን፣ ግሪኮች በራሳቸው አዲስ ዓመት ሽንኩርቱን ነቅለው ለመልካም ዕድል በር ላይ እንደሚሰቅሉት፣ ከመሬት ወጥቶም ማበቡን እንደማይተው ለእህቴ ነገሯት። አንድ ዘለላ ቆርጠውም ሰጡን።

ማታ ታቬርና ገብተን እህቴ «ኒስቲሲሞ» ማለትም የጾም ምግብ ጠየቀች። አስተናጋጁ ቀቅለው የወይራ ዘይትና ሎሚ የሚያደርጉበትን የዱር ጎመን፣ ፋቫ የሚሉትን የተፈጨ ክክ ካመጣ በኋላ፣ በኩራት የተጠበሰ ኦክቶፐስ አስከተለ። ደም ስለሌለው ለጾም ይበላል አለ፤ ዓሣ ግን አይቻልም። እኛ ስለ ዓሣ ስንከራከር የኖርን ሰዎች ለዚህኛው ጉዳይ የተዘጋጀ መልስ አልነበረንም። ኦክቶፐሱን በምስጋና መለስነው፤ ፋቫው ግን እንጀራ ብቻ የጎደለው ነበር። ጎመኑን የቀመሰችው እህቴ ሹካዋን አስቀምጣ አስተናጋጁን በእጇ ጠራችና ሎሚው እንዳነሰ ነገረችው። እርሱ ሎሚ ሊያመጣ ሲሄድ፣ ወንበሯ ላይ ተደግፋ ጠበቀችው።

ሐሙስ ሌሊት ወደ ፒሬየስ በሚመለሰው መርከብ ላይ አጠገባችን የተቀመጡ አንዲት ግሪካዊት ባልቴት በለስ አካፈሉን። ጥቂት ከተጫወቱ በኋላ እህቴን በደግነት «በደሴቲቱ ላይ ማን ቤት ነው የምትሠሪው?» ብለው ጠየቋት። እህቴ የበለሱን ልጣጭ በመሐረብ ጠቅልላ እስክትጨርስ መልስ አልሰጠችም።

«ካኖ ዲያኮፔስ» አለቻቸው። ለዕረፍት ነው የመጣሁት ማለቷ ነው። ከዚያ ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ባሕሩ ዞረች።